የማኅበረሰብ ኢንቨስትመንትን በሙያ መምራት፦ ክህሎቱን ከመነሻ ጥናት እስከ ርክክብ መገንባት

የድርጅት ማኅበራዊ ኃላፊነት ሥራ የሚሰጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ሙያ የመጣ ነው፤ ከሕዝብ ግንኙነት፣ ከሰው ኃይል አስተዳደር፣ ከሂሳብ ወይም ከምሕንድስና። ሥራውን በተረከበበት ሳምንት የድጋፍ ጥያቄ ደብዳቤዎች ጠረጴዛው ላይ መከመር ይጀምራሉ። የቱን እንደሚቀበል፣ የቱን እንደሚመልስ፣ የወጣው ገንዘብ ምን እንዳመጣ በምን እንደሚያውቅ የሚነግረው ግን የለም። ድርጅቱ ለአካባቢው ማኅበረሰብ የሚያወጣውን ገንዘብ በዕቅድ መምራት እንዲችል ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእሱ ነው።

ክህሎቱ በኮርስ ብቻ አይገኝም። አንድ አነስተኛ ፕሮጀክት ከመነሻ ጥናቱ እስከ ርክክቡ፣ ከርክክቡም በኋላ እስከ ክትትል ጉብኝቱ ድረስ በራስ እጅ ይዞ መውጣት ያስፈልጋል። አሥር ፕሮጀክት ቢሮው ተቀምጦ ያጸደቀ ሰው የማያውቀውን፣ አንዱን እስከ መጨረሻው የተከታተለ ያውቀዋል። ስለዚህ ከታች ያሉት ደረጃዎች የተዘጋጁት ለሁለት ዓመት ያህል በሚዘልቅ ልምምድ ዙሪያ ነው። ከመደበኛው ሥራ ጎን ለጎን በሳምንት ከ4 እስከ 6 ሰዓት መመደብ ይበቃል።

ደረጃ 1፦ ያለዎትን ክህሎት በሰነድ ይመዝኑ

በአንድ ወረቀት ላይ አምስት ዘርፎችን ይጻፉ፦ ማድመጥና መደራደር፣ በጀትና ሂሳብ፣ ፕሮጀክት ማስተዳደር፣ ውጤት መለካት፣ ሕግና ስጋት። ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት «ጥሩ» ወይም «መካከለኛ» ብለው አይጻፉ። ከዚያ ይልቅ በዚያ ዘርፍ በገዛ እጅዎ ያዘጋጁትን አንድ ሰነድ ይጥቀሱ፦ ያቀረቡትን በጀት፣ የያዙትን ቃለ ጉባኤ፣ ያረቀቁትን ውል፣ የሠሩትን መጠይቅ። ሰነድ ያልተገኘለት ዘርፍ የእርስዎ ክፍተት ነው። ሰው ራሱን ሲመዝን ንግግር የሚችል «ማድመጥ እችላለሁ» ይላል፤ ሰነድ ሲጠየቅ ነው ልዩነቱ የሚታየው።

ከዚያ በድርጅቱ ውስጥ ሁለት አስተማሪዎች ይፈልጉ። አንዱ ከፋይናንስ ክፍል ይሁን፣ ሌላው ደግሞ ከአካባቢው ሰው ጋር በየዕለቱ የሚገናኝ የመስክ ሠራተኛ። ከክፍል ኃላፊዎች ይልቅ እነዚህ ሁለቱ ብዙ ያስተምሩዎታል።

ደረጃ 2፦ ዘርፉ የሚመራባቸውን ሰነዶች በቅደም ተከተል ያንብቡ

መጀመሪያ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትን የንግድና የሰብዓዊ መብቶች መመሪያ መርሆዎች ያንብቡ። በ2011 የጸደቁ ሲሆኑ (እዚህም ሆነ ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቁጥራቸው 31 ነው። ከሁሉ በላይ መርሆ 11ንና ማብራሪያውን ደጋግመው ይዩት። ድርጅት ሌላ በጎ ሥራ መሥራቱ መብት ላለማክበሩ ማካካሻ አይሆንም ይላል። የሙያው መሠረት ይኸው ነው፦ ኃላፊነት የሚጀምረው ድርጅቱ በራሱ ሥራ ከሚያደርሰው ጉዳት እንጂ ከሚሰጠው ስጦታ አይደለም። ወንዙን የሚበክል ፋብሪካ ትምህርት ቤት ቢሠራ ወንዙ አይጠራም። ይህን ለሥራ አስኪያጅ በግልጽ መናገር ያልቻለ ባለሙያ ሥራው ስጦታ ማከፋፈል ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ቀጥሎ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ2010 ያወጣውን አይኤስኦ 26000 ያንብቡ። ማኅበራዊ ኃላፊነትን በሰባት ዋና ጉዳዮች ይከፍለዋል፦ የድርጅት አስተዳደር፣ ሰብዓዊ መብት፣ የሥራ ሁኔታ፣ አካባቢ ጥበቃ፣ ፍትሐዊ የንግድ አሠራር፣ የሸማቾች ጉዳይ፣ እንዲሁም የማኅበረሰብ ተሳትፎና ልማት። ማኅበረሰብ ከሰባቱ አንዱ ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ። ሰነዱ መመሪያ እንጂ የምስክር ወረቀት የሚሰጥበት መስፈርት አይደለም፤ «በአይኤስኦ 26000 እናስመሰክራችኋለን» የሚል አማካሪ ከመጣ በትህትና ያሰናብቱት።

ለሪፖርት ደግሞ ጂአርአይ የተባለው ዓለም አቀፍ የዘላቂነት ሪፖርት ተቋም የሚያወጣቸው መስፈርቶች አሉ። የ2021ዱ አጠቃላይ መስፈርቶች ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ ውለዋል፤ ስለ አካባቢ ማኅበረሰብ የሚናገረው 413 ነው። ድርጅትዎ ከዓለም አቀፍ አበዳሪ ገንዘብ የሚወስድ ከሆነ የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ዓለም አቀፉ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን በ2012 ያሻሻላቸው ስምንት የአፈጻጸም መስፈርቶች የውል ግዴታ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ውሉን ከሕግ ክፍል ተቀብለው ያረጋግጡ።

የአገሩንም ሕግ አይርሱ። በብዙ አገሮች ለማኅበራዊ ኃላፊነት የሚወጣው ወጪ በፈቃደኝነት የሚደረግ ነው። ሕንድ ግን በ2013 የኩባንያዎች ሕግ አንቀጽ 135 መሠረት ከተወሰነ መጠን በላይ የሆኑ ኩባንያዎች ካለፉት ሦስት ዓመታት አማካይ የተጣራ ትርፋቸው ቢያንስ 2 በመቶውን ለዚህ ዓላማ እንዲያውሉ ትጠይቃለች።

ደረጃ 3፦ የሚወጣውን ገንዘብ ይቁጠሩ

አዲስ ስትራቴጂ ከመጻፍዎ በፊት ያለፈውን ሁለት ዓመት የሂሳብ መዝገብ ያስወጡ። የማኅበረሰብ ወጪ በአንድ መስመር ላይ ተሰብስቦ አይገኝም። ከማስታወቂያ በጀት፣ ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ፣ ከሠራተኛ መዝናኛ፣ ከቅርንጫፍ ኃላፊዎች የእጅ ሂሳብ ነው እየለቀሙ የሚሰበስቡት።

ያገኙትን ሁሉ በሁለት መንገድ ይክፈሉት። አንደኛው በዓይነቱ ነው፦ ጥሬ ገንዘብ፣ የሠራተኛ ሰዓት፣ በዕቃ ወይም በአገልግሎት የተሰጠ፣ የማስተዳደሪያ ወጪ። ሁለተኛው በምክንያቱ ነው፦ ሲጠየቅ የተሰጠ ልግስና፣ በዕቅድ የተያዘ የማኅበረሰብ ኢንቨስትመንት፣ ከገበያ ጋር የተያያዘ እንቅስቃሴ። ይህ አከፋፈል ቢ4ኤስአይ በሚባለው፣ ቀድሞ ኤልቢጂ ተብሎ ከ1994 ጀምሮ በሚታወቀው፣ ኩባንያዎች የማኅበረሰብ መዋጯቸውን በሚለኩበት ማዕቀፍ ውስጥ ያለ ነው።

ሁለት ስህተቶች ቁጥሩን ያሳብጣሉ። በዕቃ የተሰጠው በመሸጫ ዋጋ ሲመዘገብ አንዱ ነው፤ መያዝ ያለበት ድርጅቱን ባስወጣው ዋጋ ነው። ሌላው ሠራተኞች በእረፍት ቀናቸው የሠሩት በጎ ፈቃድ የድርጅቱ መዋጮ ተደርጎ ሲቆጠር ነው፤ የድርጅቱ የሚሆነው ደመወዝ የተከፈለበት ሰዓት ብቻ ነው። ሠንጠረዡ ሲያልቅ ብዙውን ጊዜ ልግስናው ትልቁን ድርሻ ይዞ፣ በዕቅድ የሄደው ትንሽ ሆኖ ይገኛል። ይህን አንድ ገጽ ለአመራሩ ሲያቀርቡ በጀት ከመጠየቅዎ በፊት ተሰሚነት ያገኛሉ።

ደረጃ 4፦ ማድመጥን እንደ ቴክኒክ ይማሩ

ከሁሉ ረጅም ጊዜ የሚፈልገው ይኸኛው ነው፤ ችኮላ ብዙ የሚያበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ በድርጅቱ ሥራ የሚነካውን ሁሉ ዘርዝረው ይጻፉ። ከዚያ በዝርዝሩ ላይ ሁለት ጥያቄ ያንሱ፦ በሥራው ኑሮው ብዙ የሚነካ ማን ነው? ድምፁስ ብዙ የሚሰማ ማን ነው? ብዙ የሚነኩትና ጥቂት የሚሰሙት በመጀመሪያ ሊያናግሯቸው የሚገቡ ናቸው። በራቸው ለእንግዳ ክፍት የሆነው ግን ብዙ የሚሰሙት ናቸው፤ ጀማሪው እነሱን ብቻ አነጋግሮ «ማኅበረሰቡን አማከርን» ብሎ ይጽፋል።

ስብሰባ ከመጥራትዎ በፊት ሰዓቱን ያስቡበት። ሴቶች ምግብ በሚያሰናዱበት ወይም ሠራተኛው ከሥራ ባልተመለሰበት ሰዓት የተጠራ ስብሰባ ማን እንደሚመጣ ከወዲሁ ወስኗል ማለት ነው። ሴቶችን፣ ወጣቶችን፣ ተከራዮችን ለየብቻ ያነጋግሩ፤ ከ8 እስከ 12 ሰው በቂ ነው። አንድ ሰው ይጠይቅ፣ ሌላው ይጻፍ።

ጥያቄው ራሱ ክህሎት ነው። «ምን ይሠራላችሁ?» ሲባል መልሱ የተለመደ ነው፤ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ መንገድ። ሰው ጠያቂው ሊሰጥ ይችላል ብሎ የሚገምተውን ይነግረዋል። የሚሻለው ያለፈውን መጠየቅ ነው፦ «ባለፈው ዓመት ውሃው ሲቋረጥ ምን አደረጋችሁ? ገንዘቡ ከየት መጣ? ማን ጠገነው? ስንት ቀን ፈጀ?» መልሱ ውስጥ ሰዎቹ በራሳቸው የገነቡት አደረጃጀት ይታያል። ገንዘብዎ ሊደግፈው የሚገባውም እሱን ነው።

ቃለ ጉባኤው «ጠቃሚ ውይይት ተካሂዷል» የሚል ከሆነ ጥቅም የለውም። ማን ምን እንዳለ በራሱ አነጋገር፣ ያልተስማሙበት ነጥብ፣ የመጡትና ያልመጡት ወገኖች መጻፍ አለባቸው። በ30 ቀን ውስጥ ተመልሰው የጻፉትን ያንብቡላቸውና ያሳርሟቸው።

ከዚህ ጋር አንድ ልዩ መዝገብ ይክፈቱ፦ የተገባ ቃል መዝገብ። ስድስት ዓምድ ይበቃዋል፤ ቀን፣ ቃሉን የገባው ሰው፣ ለማን፣ በትክክል የተባለው፣ የሚፈጸምበት ጊዜ፣ አሁን ያለበት ሁኔታ። ቃል የሚገባው የእርስዎ ቢሮ ብቻ አይደለም። መንገድ የሚቀይስ መሐንዲስ «ይህን አጥር በኋላ እናድሰዋለን» ብሎ ያልፋል፤ ባለቤቱ ግን ድርጅቱ እንደተናገረ አድርጎ ይይዘዋል፣ ልክም ነው። ስለዚህ በየ15 ቀኑ ለመስክ ሠራተኞች እየደወሉ «ምን ተባለ? ምን ተስፋ ተሰጠ?» ብለው ይጠይቁ። በአካባቢው የሚነሳ ቁጣ በአመዛኙ የሚመጣው ካልተሰጠ ነገር ሳይሆን ቃል ተገብቶ ከተረሳ ነገር ነው።

ደረጃ 5፦ መምረጥና «አይሆንም» ማለት

የመምረጫ መስፈርቱን ጥያቄ ከመምጣቱ በፊት ጽፈው በአመራር ያስጸድቁ፤ ከመጣ በኋላ የተጻፈ መስፈርት ለአንድ ሰው የተሰፋ ልብስ ነው። አራት መስፈርት ይበቃል፦ ጉዳዩ ከድርጅቱ ሥራ ወይም ተጽዕኖ ጋር ይገናኛል ወይ? በአካባቢው የሚያስቀጥለው አካል አለ ወይ? በ2 ወይም በ3 ዓመት ውስጥ የሚለካ ለውጥ ያመጣል ወይ? የመንግሥትን ድርሻ ሳይተካ ይደግፋል ወይ? ለሁለተኛው መስፈርት እጥፍ ነጥብ ይስጡት።

ለማይቀበሉት ጥያቄ በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ምክንያቱን ነግረው ይመልሱ። «እናጤነዋለን» እያሉ ማቆየት ቃል ከመግባት አይለይም።

ለመለማመጃ አንድ ፕሮጀክት፣ በአንድ ቦታ፣ ከአንድ አጋር ጋር ይምረጡ።

ደረጃ 6፦ አጋሩን ያጣሩ፣ ክፍያውን ይከፋፍሉ

የበጎ አድራጎት ገንዘብ የጉቦ መንገድ ሊሆን እንደሚችል ሳያውቁ በዚህ ሥራ ላይ መቆየት አደገኛ ነው። በ2004 የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ኮሚሽን ሼሪንግ ፕላው የተባለውን የመድኃኒት ኩባንያ ከሶ ነበር። የኩባንያው የፖላንድ ቅርንጫፍ ጥንታዊ ሕንጻዎችን ለሚያድስ በጎ አድራጎት ድርጅት በተደጋጋሚ ገንዘብ ሰጥቷል። በጎ አድራጎቱ እውነተኛ ነበር። መሪው ግን የክልሉ የጤና ፈንድ ዳይሬክተር፣ በመድኃኒት ግዥ ላይ ተጽዕኖ ያላቸው ሰው ነበሩ። ክፍያዎቹም ከቅርንጫፉ ኃላፊ የማጽደቅ ሥልጣን ጣሪያ እንዳያልፉ ሆነው ተከፋፍለው ነበር። ኩባንያው 500,000 ዶላር ቅጣት ከፈለ፤ ክሱ ያተኮረውም በሂሳብ አያያዝና በውስጥ ቁጥጥር ጉድለት ላይ ነው።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት፣ ተቀባዩ እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። የሚጣሩት እነዚህ ናቸው፦

- የምዝገባ ሰነድ እና የቦርድ አባላት ሙሉ ስም፤ ድርጅትዎ ፈቃድ ከሚጠይቃቸው ወይም ዕቃ ከሚሸጥላቸው ባለሥልጣናት ጋር ዝምድና ወይም ጥቅም ያለው ሰው መኖር አለመኖሩ
- ያለፉት ሁለት ዓመታት በኦዲተር የተመረመረ ሂሳብ
- በድርጅቱ ስም የተከፈተ የባንክ ሂሳብ፤ በግለሰብ ስም ከሆነ ክፍያ የለም
- ጥያቄው መጀመሪያ ከማን መጣ? «እገሌ ቢደገፍ ጥሩ ነው» ያለው ባለሥልጣን ከሆነ ጉዳዩ ወደ ሕግ ክፍል ይሂድ
- ለአንድ ተቀባይ በአጭር ጊዜ ተከፋፍለው የወጡ፣ ከማጽደቂያ ጣሪያው ትንሽ ዝቅ ያሉ ክፍያዎች

ገንዘቡን በአንድ ጊዜ አይልቀቁ። 40 በመቶ ሲፈረም፣ 40 በመቶ የመጀመሪያው ወጪ በደረሰኝ ሲወራረድ፣ 20 በመቶ ከርክክብ በኋላ ቢሆን ለጀማሪ ይመቻል። አነስተኛ ማኅበር ቀድሞ የሚያወጣው ገንዘብ ስለሌለው የመጀመሪያውን ክፍያ በጣም አያሳንሱት፤ ያኔ ሥራው ይቆማል ወይም አጋሩ ይበደራል።

ደረጃ 7፦ ለውጡን ይለኩ

የእጅ ውሃ ፓምፕ እንውሰድ። «5 ፓምፕ ተተከለ» የሚለው ተግባር ነው። ለውጡ ሌላ ነው፦ አንድ ቤተሰብ ውሃ ለመቅዳት ሄዶ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ ለመመለስ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ መሠረታዊ አገልግሎት የሚሉት ከብክለት ከተጠበቀ ምንጭ የሚቀዳና ወረፋውን ጨምሮ ከ30 ደቂቃ የማያልፍ ነው። ሁለተኛው መለኪያ ፓምፑ ካለፉት 30 ቀናት ስንቱን ሠርቷል የሚለው ነው።

ይህ ሁለተኛው ቁጥር ብዙ ይናገራል። በፓምፑ ውስጥ ያለው የጎማ ቀለበት በአገልግሎት ብዛት ያልቃል፤ ሲያልቅ ሰው እጀታውን ደጋግሞ ቢመታም ውሃው አይወጣም። ቀለበቱ ርካሽ ነው። ፓምፑ የሚቆመው ቀለበቱን የያዘ ሱቅ በአቅራቢያ ስለሌለ፣ መፍቻው የት እንዳለ ስለማይታወቅ ወይም መዋጮ የሚሰበስብ ኮሚቴ ስለሌለ ነው። «ስንት ቀን ሠራ» ብሎ የሚለካ ባለሙያ እነዚህን ሦስቱን በዕቅዱ ውስጥ ያስገባል። «ስንት ተተከለ» ብሎ የሚቆጥረው ግን ሪባን ይቆርጣል እንጂ የሚቀጥለውን ነገር አያይም።

ከ3 እስከ 5 አመላካች ይበቃል። ለእያንዳንዱ በአንድ ገጽ ይጻፉ፦ ትርጉሙ፣ የመረጃው ምንጭ፣ ማን እንደሚሰበስበው፣ በየስንት ጊዜው፣ የመነሻ ቁጥሩ። መነሻው ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ይለካ። በኋላ «በፊት እንዴት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ትውስታን መለካት ነው። የሚቻል ከሆነ ፕሮጀክቱ ያልደረሰበትን ተመሳሳይ ሰፈር አብረው ይለኩ፤ ዝናቡ ጥሩ የሆነበት ዓመት የእርስዎ ውጤት መስሎ እንዳይታይ ይረዳል።

የዘላቂ ልማት ግቦችንም በጥንቃቄ ይጥቀሱ። 17 ግቦችና 169 ዝርዝር ዒላማዎች አሏቸው። ባለ ቀለም ምልክቱን ሪፖርት ላይ መለጠፍ ቀላል ነው፤ ወደ ዝርዝር ዒላማው ወርደው የትኛውን ቁጥር እንደነኩ ማሳየት ካልቻሉ ምልክቱን ይተዉት።

ደረጃ 8፦ ቅሬታ የሚቀበል በር ይክፈቱ

የ2011ዱ መመሪያ መርሆዎች በ31ኛው መርሆ ላይ ጥሩ የቅሬታ ሥርዓት ሊያሟላቸው የሚገቡ ስምንት መለኪያዎችን ይዘረዝራሉ። ቅሬታ አቅራቢው ሊያምነው፣ ሊደርስበትና ቀጣዩን እርምጃ አስቀድሞ ሊያውቅ የሚችል መሆን ከእነሱ መካከል ናቸው። በተግባር፦ ቢያንስ ሁለት መቀበያ መንገድ ይኑር፤ አንዱ ማንበብና መጻፍ የማይጠይቅ ይሁን። በ7 ቀን ውስጥ መድረሱ ይነገር፣ በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ ይሰጥ። ቅሬታ የቀረበበት ክፍል ራሱ ዳኛ አይሁን። ሰዎች ወደ ፍርድ ቤት የመሄድ መብታቸውን እንዲተዉ የሚያስገድድ ፊርማ ፈጽሞ አይጠይቁ።

በዓመት ምንም ቅሬታ ካልመጣ ደስ አይበልዎት። ሰው በሩን አያውቀውም ወይም ፈርቶታል።

ደረጃ 9፦ ለአመራሩ በአንድ ገጽ ይናገሩ

ለፋይናንስ ኃላፊው የፎቶ አልበም አይውሰዱ። አንድ ገጽ፦ የወጣው፣ የተለወጠው ቁጥር፣ ያልተሳካው፣ ያልተፈጸመ ቃል ብዛት፣ የሚፈለግ ውሳኔ። በአካባቢ አለመግባባት የተነሳ ሥራ የቆመበት ቀን ካለ እሱንም ያስገቡ፤ ድርጅቱ የሚረዳው ቋንቋ ነው። ነገር ግን አለመግባባቱ የቀነሰው በፕሮጀክቱ ብቻ እንደሆነ አድርገው አያቅርቡ። በሚቀጥለው ዓመት ቁጥሩ ሲጨምር ማብራሪያ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። ያልተሳካውን ራስዎ ቀድመው መጻፍዎ የቀረውን ቁጥር ተአማኒ ያደርገዋል።

ደረጃ 10፦ መውጫውን ሲገቡ ይጻፉ

የመውጫ ዕቅድ በስምምነቱ ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ይካተት። የማስኬጃ ወጪ ድርሻዎ በየዓመቱ የሚቀንስ ይሁን፤ ለምሳሌ 100፣ ከዚያ 60፣ ከዚያ 30፣ ከዚያ ዜሮ። ቀሪውን ማን እንደሚሸፍን በስም ይጻፍ። «ማኅበረሰቡ» ብሎ መጻፍ ማንም አይሸፍንም ማለት ነው፤ የኮሚቴው ስም፣ የሂሳብ ቁጥሩ፣ የወር መዋጮው መጠን መኖር አለበት።

የርክክብ ሰነዱ ከፊርማ በተጨማሪ የመለዋወጫ ዝርዝርና የሚገኙበትን ቦታ፣ የጥገና ሠራተኛውን ስልክ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ፣ የሁለት ዓመት የጥገና ወጪ ግምትን ይያዝ። የመጨረሻውን 20 በመቶ የሚለቁት ኮሚቴው ያለ እርስዎ እገዛ አንድ ብልሽት ጠግኖ ካሳየ በኋላ ነው።

ከርክክብ በኋላ በ6ኛውና በ12ኛው ወር ተመልሰው ይሂዱ። የጉዞ ወጪውን ከፕሮጀክቱ በጀት አስቀድመው ይያዙት፤ ከተዘጋ ፕሮጀክት ላይ ገንዘብ ማስወጣት አይቻልም። በጉብኝቱ ሦስት ነገር ይመዝገቡ፦ ያለፉት 30 ቀናት የሠራበት ቀን ብዛት፣ በኮሚቴው ሂሳብ ውስጥ ያለው ቀሪ፣ ከርክክብ ወዲህ የተበላሸው ነገርና የጠገነው ሰው። ሦስቱን ከመነሻው ቁጥር ጎን አስቀምጠው በደረጃ 1 ካዘጋጁት ወረቀት ጋር በአንድ ማኅደር ያስገቡ፤ ሁለተኛውን ፕሮጀክት ሲያቅዱ መጀመሪያ የሚከፍቱት ገጽ እሱ ይሁን።